በር ተዘግቶ የተፈጸመ ግድያ በምን ይረጋገጣል?

ባል ከቤት ሮጦ ወጥቶ ጎረቤት ይጠራል፤ «ሚስቴ ራሷን ሰቅላ አገኘኋት» ይላል። ዋይታ ይነሳል፣ ድንኳን ይተከላል፣ እድርተኛው ይሰበሰባል። በዚያው ቀን ተቀብራ ነገሩ ሊያበቃ ይችላል። ፖሊስ ደርሶ አስከሬኑን ለምርመራ ካስላከው ግን፣ ከለቅሶው ራቅ ባለ ክፍል ውስጥ አንድ ሐኪም የሟቿን የዐይን ቆብ ቀስ አድርጎ ይገለብጣል። የሚፈልገው በቆቡ ውስጠኛ ገጽና በነጩ የዐይን ክፍል ላይ የጤፍ ፍሬ የሚያካክሉ ቀያይ ነጠብጣቦችን ነው። አንገት ሲታነቅ ደምን ከራስ ወደ ልብ የሚመልሱት ሥሮች ቀድመው ይዘጋሉ፤ ወደ ላይ የሚወጣው ደም ግን ወዲያው አይቆምም። ቀጫጭኖቹ የደም ሥሮች ግፊቱን መሸከም ያቅታቸውና ይፈነዳሉ።

ከዐይን ወደ አንገት ይወርዳል። የተሰቀለ ሰው አንገት ላይ የሚቀረው የገመድ ምልክት አብዛኛውን ጊዜ ከጉሮሮ በላይ ሆኖ ወደ ቋጠሮው አቅጣጫ ሽቅብ ይወጣል፤ ክብደቱ ወደ ታች፣ ገመዱ ወደ ላይ ስለሚስቡ። በሌላ ሰው እጅ በገመድ የታነቀ ሰው ምልክት ግን ወደ አግድም ያደላል፤ ዝቅ ብሎ አንገትን ይዞራል። ከዚያ ጀርባዋንና እግሮቿን ያያል። ልብ ሲቆም ደም በራሱ ክብደት ወደ ታችኛው የአካል ክፍል ይወርድና ቆዳው ወይን ጠጅ መልክ ይይዛል። ተሰቅሎ ለሰዓታት የቆየ ሰው ይህ ምልክት የሚታየው በእግሮቹና በእጆቹ ጫፍ ነው። በጀርባዋ ላይ ረግቶ ከተገኘ፣ ይህች ሴት ከሞተች በኋላ ረዘም ላለ ጊዜ በጀርባዋ ተንጋላ ነበር ማለት ነው። ታዲያ ማን ሰቀላት?

ከእነዚህ ምልክቶች አንዱም ብቻውን ቆሞ «ገዳዩ እገሌ ነው» አይልም። ነጠብጣቡ በሌላ ምክንያትም ሊመጣ ይችላል፤ የገመዱ ምልክት አንዳንዴ ያሳስታል። ሲደራረቡ ግን «ራሷን ሰቀለች» የሚለውን ታሪክ ከሥሩ ያናጉታል። የአካባቢ ሁኔታ ማስረጃ የሚባለው ይኸው ነው።

ቀጥተኛ ማስረጃ «ሲያንቃት በዐይኔ አይቻለሁ» የሚል ምስክር ነው። የአካባቢ ሁኔታ ማስረጃ ድርጊቱን ራሱን ሳይሆን፣ ድርጊቱ ትቶት የሄደውን ዱካ ያሳያል፤ ዳኛው ከዱካው ተነስቶ ወደ ድርጊቱ ይደርሳል። ማለዳ ስትነሱ የግቢው በር ተከፍቷል፣ ጓሮ ታስሮ ያደረው በግ የለም። ሌባውን ማንም አላየውም። በጉ ራሱ ገመዱን በጥሶ ወጥቶ ሊሆን ይችላል፤ የገመዱ ጫፍ በቢላዋ የተቆረጠ ሆኖ ከተገኘ ግን ይህ ግምት ይወድቃል። የቤት ሰው ሸጦት ይሆን? የበሩ ቁልፍ ከውጭ ከተሰበረ ይኸኛውም ይዳከማል። ሥራው በዚህ መንገድ ይሄዳል፤ አንዱን ግምት ከማጽደቅ በፊት ሌሎቹን አንድ በአንድ እያነሱ መፈተን ነው።

«የዐይን ምስክር ከሌለ ማስረጃ የለም» የሚለው አባባል በየሰፈሩ ይነገራል። ስሕተት ነው፤ ሴቶችን የሚጎዳ ስሕተት ነው። የተባበሩት መንግሥታት የአደንዛዥ ዕፅና የወንጀል ጉዳዮች ቢሮ እና የሴቶች ድርጅቱ ባወጡት ግምት፣ እ.ኤ.አ. በ2023 በዓለም ላይ 51,100 ያህል ሴቶችና ልጃገረዶች በትዳር ወይም በፍቅር አጋሮቻቸው አልያም በሌላ የቤተሰብ አባል ተገድለዋል፤ በቀን በአማካይ 140 ማለት ነው። ከእነዚህ ግድያዎች ብዙዎቹ የሚፈጸሙት መኝታ ቤት ውስጥ፣ ማድ ቤት ውስጥ፣ ሌሊት፣ ማንም በሌለበት ነው። ያየችው አንዲት ሰው ሟቿ ናት። ፍርድ ቤት የዐይን ምስክር ካልመጣ አልፈርድም ቢል ኖሮ፣ ቤቱን የዘጋ ሁሉ ነጻ ይወጣ ነበር።

በሌላ በኩል ግን ሰውን ባልታየ ነገር ዕድሜ ልክ ወይም ሞት መፍረድ አስፈሪ ነው። ለዚህ ነው መለኪያው የከበደው። መለኪያውን ጥርት አድርገው ካስቀመጡት ፍርዶች መካከል እኔ ሁልጊዜ የምመለስበት የህንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1984 የሰጠው ነው። የህንድን ጉዳይ ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም፤ በ1954 ዓ.ም. የወጣው የእኛ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ሲረቀቅ የእንግሊዝን ሥርዓት ከወረሱ አገሮች፣ ከህንድና ከማላያ (ከዛሬዋ ማሌዥያ) ጭምር፣ ብዙ ነገር ወስዷል።

ነገሩ የሆነው በህንድ ማሐራሽትራ ግዛት፣ ፑኔ ከተማ ውስጥ ነው። አንዲት ወጣት እ.ኤ.አ. በየካቲት 1982 ተዳረች፤ በሰኔ ወር ባሏ ቤት ሞታ ተገኘች። አራት ወር ብቻ! የገደላት ፖታሲየም ሳይናይድ የተባለ መርዝ ነበር። ዐቃቤ ሕግ ባልየው ሌላ ሴት ነበረችው፣ ሚስቱን ያጉላላ ነበር፣ በዚያች ሌሊት አብሯት ነበር ሲል ከሰሰ። ሟቿ ለእህቷና ለጓደኛዋ የጻፈቻቸው ደብዳቤዎች ቀረቡ፤ በደብዳቤዎቹ ውስጥ ጭንቀትና ሐዘን ሞልቷል። የሥር ፍርድ ቤቱ ሞት ፈረደ፤ ይግባኝ ሰሚው አጸናው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግን ሰውየውን በነጻ አሰናበተው።

ምክንያቱን ልብ ብሎ ማንበብ ያሻል። በመርዝ ግድያ ላይ ዐቃቤ ሕግ ከሌሎች ነገሮች ጋር መርዙ በተከሳሹ እጅ እንደነበር ማሳየት ነበረበት፤ አላሳየም። እነዚያ ደብዳቤዎችም በሁለት በኩል የሚቆርጡ ሆኑ። ባል ሚስቱን እንደሚያሠቃይ ይጠቁማሉ፤ ነገር ግን ተስፋ የቆረጠች ሴት ራሷ መርዝ ልትጠጣ እንደምትችልም ይጠቁማሉ። ሁለተኛው ግምት ካልተዘጋ ጥፋተኛ ማለት አይቻልም። ፍርድ ቤቱ አምስት መመዘኛዎች አስቀመጠ፤ በህንድ የሕግ ባለሙያዎች ዘንድ እስከዛሬ እንደ ዳዊት ይደገማሉ። ጥፋተኝነት የሚመዘዝባቸው ፍሬ ነገሮች ራሳቸው ሙሉ በሙሉ መረጋገጥ አለባቸው፤ በግምት ላይ ግምት አይገነባም። ፍሬ ነገሮቹ ከተከሳሹ ጥፋተኝነት ጋር ብቻ የሚስማሙ መሆን አለባቸው። ጠባያቸው ወደ አንድ ድምዳሜ የሚያደርስ ይሁን። ሌላውን ማናቸውንም ግምት ያስወግዱ። በመጨረሻም ሰንሰለቱ ምንም ቀለበት ሳይጎድለው ተሟልቶ፣ በሰው ልጅ ልማድ ድርጊቱን የፈጸመው ተከሳሹ መሆን አለበት የሚያሰኝ ይሁን። ያው ፍርድ ቤት ቀደም ብሎ በሌላ መዝገብ ላይ እንዳለው፣ «ሊሆን ይችላል» እና «መሆን አለበት» በሚሉት መካከል ያለው መንገድ ረጅም ነው።

ይህን ፍርድ ሳነበው ልቤ ለሁለት ይከፈላል። የዚያች ልጅ ደብዳቤዎች ያማሉ። ቢሆንም ፍርዱ ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ፤ ክፉ ባል መሆንና ነፍሰ ገዳይ መሆን ሁለት የተለያዩ ክሶች ናቸውና።

ከዚያ ሃያ ሁለት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2006፣ ይኸው ፍርድ ቤት ከዚያው ከማሐራሽትራ ግዛት ሌላ መዝገብ ደረሰው። እዚህኛው ላይ ሚስት ከባሏ ጋር ሰባት ዓመት ያህል ኖራለች። የባሏ ቤተሰቦች አነስተኛ የጭነት መኪና መግዣ 25,000 ሩፒ ከወላጆቿ አምጪ እያሉ ሲያሠቃዩዋት ነበር። አንድ ቀን ለአባቷ መልእክት ደረሰው፤ «ልጅህን እባብ ነድፏት ሞተች»። አስከሬኑ ሲመረመር ግን የሞቷ ምክንያት የእባብ መርዝ ሳይሆን የአንገት መታነቅ ሆኖ ተገኘ። ማንም አላየም። ባልየውም አንገቷ እንዴት እንደታነቀ አላስረዳም።

ፍርድ ቤቱ ጥፋተኝነቱን አጸና። ነገሩን የለወጠው እባቡ ነው፤ የሌለው እባብ። ግድያው የተፈጸመው በቤት ውስጥ፣ ለውጭ ሰው በማይታይበት ቦታ ከሆነ፣ ውስጥ የነበረው ሰው ዝም ብሎ ሊያልፍ አይችልም፤ የሚያውቀው እሱ ነውና ምክንያታዊ ማብራሪያ እንዲሰጥ ይጠበቃል። የሰጠው ማብራሪያ ሐሰት ሆኖ ከተገኘ ደግሞ ያ ሐሰት ራሱ ሰንሰለቱ ላይ የሚጨመር ተጨማሪ ቀለበት ይሆናል። በፑኔው ጉዳይ መርዙን ማን እንደሰጣት ወይም ራሷ እንደጠጣችው መለየት አልተቻለም ነበር። ሰው ግን ራሱን በገዛ እጁ አንቆ መግደል አይችልም፤ ራሱን ስቶ እጁ ይለቃል። አንዱ በር በተፈጥሮ ተዘግቷል፤ እባቡ ሲወድቅ ሁለተኛው ተዘጋ።

ይህ ማለት ባል ቤት ውስጥ ስለነበረ ብቻ ንጹሕነቱን ያስረዳ ማለት አይደለም። ህንዶቹም እ.ኤ.አ. በ1956 በሰጡት ፍርድ ደንቡ ዐቃቤ ሕግን ከማስረዳት ግዴታው እንደማያወጣው አጥብቀው ተናግረዋል። በእኛ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 20 ንኡስ አንቀጽ 3 የተከሰሰ ሰው ጥፋተኛ እስኪባል ድረስ እንደ ንጹሕ ይቆጠራል፤ በራሱ ላይ ምስክር ሆኖ እንዲቀርብም አይገደድም። ሥነ ሥርዓቱ ይህን በሁለት ደረጃ ይከፍለዋል። መጀመሪያ ዐቃቤ ሕግ ምስክሮቹንና ሰነዶቹን ያሰማል። በአንቀጽ 141 መሠረት ተከሳሹን ለመከላከል የሚያበቃ ነገር ካልቀረበበት፣ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ በነጻ ይሰናበታል። በበቂ ሁኔታ ቀርቦበት ከሆነ ግን ዳኛው «ተከሳሹ ይከላከል» ብለው ብይን ይሰጣሉ፤ አንቀጽ 142። ፍርድ ቤት የተመላለሰ ሰው ይህን ብይን ሲሰማ ችሎቱ ውስጥ የሚወርደውን ጸጥታ ያውቀዋል። ከዚያ ወዲያ ዝምታ መብት ነው፤ ሆኖም ዐቃቤ ሕግ የሠራው ሰንሰለት ሳይነካ እንደተዘረጋ ይቀራል።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ ልምጣ። ድሮ ይደበድባት እንደነበር የሚያሳይ ማስረጃ ለግድያው ምን ይጠቅማል?

በሎስ አንጀለስ እ.ኤ.አ. ሰኔ 12 ቀን 1994 ኒኮል ብራውን ሲምፕሰንና ሮናልድ ጎልድማን በስለት ተገደሉ። የቀድሞ ባሏ፣ የአሜሪካ ፉትቦል ኮከብ የነበረው ኦ.ጄ. ሲምፕሰን ተከሰሰ። የዐይን ምስክር አልነበረም፤ የደም ጠብታ፣ ጓንት፣ የዘረመል ምርመራ ውጤት ነበር። በእ.ኤ.አ. 1989 አዲስ ዓመት ሌሊት ፖሊስ ጠርታ ነበር፤ ሲምፕሰንም ሚስቱን በመደብደብ ተከስሶ ክሱን ሳይከራከር ተቀጥቷል። ከሞተች በኋላ የባንክ ካዝናዋ ሲከፈት የተደበደበ ፊቷን የሚያሳዩ ፎቶግራፎችና እሱ የጻፈላት የይቅርታ ደብዳቤዎች ተገኙ። እስኪ አስቡት፤ ሰው ካዝና ውስጥ የሚያስቀምጠው ወርቅና የቤት ካርታ ነው። እሷ የበለዘ ፊቷን አስቀመጠች።

ከተከላካይ ጠበቆቹ አንዱ የነበሩት አለን ደርሾዊትዝ አንድ ቁጥር አነሱ፤ ሚስቶቻቸውን ከሚደበድቡ 2,500 ወንዶች መካከል እስከ ግድያ የሚደርሰው አንድ እንኳ አይሞላም፤ ስለዚህ ድብደባው ስለ ግድያው የሚነግረን ነገር የለም የሚል። ሲሰሙት ያሳምናል። ሆኖም የተሳሳተ ጥያቄ ላይ የተሰጠ መልስ ነው። አይ ጄ ጉድ የተባሉት የስታቲስቲክስ ሊቅ «ኔቸር» በተባለው መጽሔት ላይ ስሕተቱን አሳዩ። እኛ የምንጠይቀው «የተደበደበች ሴት ትገደላለች ወይ?» አይደለም፤ ተገድላለች፤ አስከሬኗ ፊታችን ነው። ጥያቄው «የምትደበደብ የነበረች ሴት ተገድላ ስትገኝ ገዳዩ ደብዳቢዋ የመሆኑ ዕድል ስንት ነው?» የሚለው ነው። 100,000 የሚደበደቡ ሴቶችን ውሰዱ። በጠበቃው በራሱ ቁጥር 40ዎቹ በደብዳቢያቸው ይገደላሉ። በሌላ ሰው የሚገደሉት በዚያን ጊዜው የአሜሪካ ሁኔታ 5 ያህል ይሆናሉ። ከተገደሉት 45 ሴቶች 40ዎቹን የገደለው ደብዳቢያቸው ነው፤ ከዘጠኝ ስምንት! ይኸው ቁጥር በትክክል ሲጠየቅ ፊቱን አዞረ።

እዚህ ላይ ግን መጠንቀቅ አለብን። ከዘጠኝ ስምንት ማለት አንደኛው ሌላ ሰው ነው ማለት ነው። በቁጥር ብቻ ሰው አይፈረድበትም፤ የድሮ ድብደባ ፖሊስ ምርመራውን ወዴት እንደሚያዞር ይነግራል፣ ምክንያትን ያሳያል፣ «እንዋደድ ነበር፣ ክፉ ቃል ተነጋግረን አናውቅም» የሚለውን መከላከያ ያፈርሳል፣ የጎደለውን ቀለበት ግን አይተካም። ሲምፕሰንን ከተራው ሕዝብ የተመረጡት ፈራጆች (ጁሪ) ከአራት ሰዓት ባነሰ ምክክር በነጻ ያሰናበቱት የደሙ ናሙና አያያዝና የአንድ መርማሪ ተዓማኒነት ክፉኛ ተተችቶ ስለነበር ነው። ከዚያ በእ.ኤ.አ. 1997 የማስረጃ መለኪያው ቀለል ባለበት የፍትሐ ብሔር ክስ ለጎልድማን ሞትና በኒኮል ላይ ለተፈጸመው ጥቃት ተጠያቂ ተባለ። ኒኮል በማስታወሻዋ ላይ የጻፈችው ግን በወንጀሉ ችሎት አልተሰማም፤ ጸሐፊዋ ቀርባ መስቀለኛ ጥያቄ ልትጠየቅ ስለማትችል ዳኛው እንደ ስሚ ስሚ ቆጥረው አስወጡት። በእርግጥ ምክንያት አላቸው። የተገደለችው ሴት ግን በመገደሏ ምክንያት ቃሏም አብሮ ሲዘጋ ማየት ያንገበግባል።

በእኛ አገር የባንክ ካዝና ያላት ሚስት ጥቂት ናት። ሌላ ካዝና ግን አለን፤ ሽማግሌዎች። የተደበደበች ሚስት ወደ ወላጆቿ ትሄዳለች፤ ሽማግሌ ይላካል፤ ባል በሦስትና በአራት ሰው ፊት ቆሞ «መትቻታለሁ፣ ተሳስቻለሁ፣ ሁለተኛ አይለመደኝም» ይላል፤ ትመለሳለች። ይህ ቃል ለዕርቅ የተነገረ ቢሆንም ከራሱ ከተከሳሹ አፍ የወጣ ነው፤ ሽማግሌዎቹም በጆሯቸው የሰሙት ነው፤ ከሌላ ሰው ሰምተው የሚያወሩት አይደለም። መርማሪ ፖሊስ ከሟቿ ጎረቤት ቀጥሎ መጠየቅ ያለበት ያስታረቋቸውን ሰዎች ነው። ስንት ጊዜ አስታረቃችኋቸው? መቼ? በምን ነበር የመታት? ብዙ ሽማግሌ «ገመና ነው» ብሎ ዝም ይላል። ገመናው ግን የተደበቀላት ሴት ሞታለች።

ማን እንደገደለ ከተረጋገጠ በኋላም የአካባቢ ሁኔታ ማስረጃ ሥራው አያልቅም፤ ቅጣቱን የሚወስነው ሐሳቡ ነውና፣ ሐሳብ ደግሞ በዐይን አይታይም። በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 539 አስቦና አቅዶ ወይም በተለየ ጭካኔ የገደለ በዕድሜ ልክ እስራት ወይም በሞት ይቀጣል። አንቀጽ 540 ተራውን ግድያ ከ5 እስከ 20 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል። አንቀጽ 541 ደግሞ ከባድ የማነሳሳት ድርጊት ወይም በቂ ምክንያት ያለው ብርቱ የስሜት መናወጥ ላይ ሆኖ የገደለውን ከ5 ዓመት በማይበልጥ ቀላል እስራት ያልፈዋል። ከሞት እስከ 5 ዓመት! ስለዚህ ባሎች «ተናደድኩ፣ ደሜ ፈላ፣ ምን እንዳደረግሁ አላውቅም» ይላሉ። ይህን ቃል የሚፈትኑት ከድርጊቱ በፊትና በኋላ ያሉት ነገሮች ናቸው። ልጆቹን ከሰዓት በኋላ እናቱ ቤት ለምን ወሰዳቸው? ሠራተኛዋን ለምን በዚያ ቀን ፈቃድ ሰጣት? ስልኳን ማን አጠፋው? ጎረቤት ከመጥራቱ በፊት የመኝታ ቤቱን ወለል ለምን አጠበ? ደሙ የፈላ ሰው ልጆቹን አስቀድሞ አያሸሽም።

ከእነዚህ ቀለበቶች ብዙዎቹ የሚሠሩት ሴትየዋ በሕይወት እያለች ነው፤ የሚሠሯቸውም ማስረጃ እየሠሩ መሆናቸውን የማያውቁ ሰዎች ናቸው። ማታ ጤና ጣቢያ ትመጣለች፤ ባሏ በር ላይ ቆሟል። «ደረጃ ላይ ወድቄ ነው» ትላለች። ነርሷ «ወድቃ የተጎዳች» ብላ ጽፋ ማስታገሻ ሰጥታ ልትሸኛት ትችላለች። ወይም ባልየውን «አባቴ፣ እርስዎ ውጭ ይጠብቁ» ትልና ነጠላዋን ከአንገቷ ገለል አድርጋ ታያለች፤ ከዚያ ካርዱ ላይ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ታካሚዋ ወደቅሁ ማለቷን፣ ቀጥሎም ያየችውን ትጽፋለች፤ በአንገት በስተቀኝ አንድ፣ በስተግራ አራት፣ ጣት የሚያካክሉ የበለዙ ቦታዎች።